የፋቂዋ ትንፋሽ

የሰው ወሬ መስማት ነውር ነው፤ ግን ሚኒባስ ውስጥ ጆሮ የት ይደበቃል? ከአገና ወደ ወልቂጤ ስንሄድ ከፊቴ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ማዳመጫ የሰካ ወጣትና አንዲት ትልቅ ሴትዮ።

“ምንድን ነው እንዲህ ራስህን የሚያስነቀንቅህ?” አሉት።

“ቴክኖ የሚባል የጭፈራ ሙዚቃ ነው እትዬ፤ እየሠራሁት ነው። ዲጄዎች ከሌላ ዘፈን ጋር እንዲያያይዙት ፍጥነቱና ቅኝቱ መግጠም አለበት።”

“እስኪ አሰማኝ።”

ማዳመጫውን ሰጣቸው።

“ይቺ የምታንጎራጉረው ማናት?”

“እናቴ። እንሰት ስትፍቅ በስልኬ ቀድቻት ነው።”

“የልጅ ድምፅ ነው እኮ!”

“ከምቱ ጋር እንድትሄድ ሳፈጥናት ድምጿ ቀጠነ። እሱን አስተካክለዋለሁ።”

“ደግሞ አትተነፍስም እንዴ?”

“ትተነፍስ ነበር። በየመሃሉ ቆም ትላለች፤ ምቱን ሲያበላሽብኝ ቆረጥኩት።”

“እኔም እንሰት ስፍቅ ነው ያረጀሁት ልጄ። ቀኑን ሙሉ እረፍታችን እሷ ትንፋሽ ብቻ ናት።”

ልጁ ስልኩን ጭኑ ላይ ገለበጠው።

“በል እቤት ስትገባ እንደገና ቅዳት።”

“የለችም እትዬ። ሐምሌ ላይ ሞተችብኝ።”

“አላህ ይዘንላት። የፊተኛው ቅጂ ግን አለህ አይደል?”

“የለኝም። የቆረጥኩትን በፊተኛው ላይ ሴቭ ሳደርገው ያኛው ጠፋ።”

ሴትዮዋ ማዳመጫውን ቀስ ብለው መለሱለት፤ እኔም ወልቂጤ እስክንገባ የእሳቸውን ትንፋሽ ሳዳምጥ ቆየሁ።