ቅሬ ያልገባው መምህር

በ1973 ዓ.ም. የመምህር ዘበነን ሚስት አገኘሁሽን ቀብረን ወደ ሰቆጣ ስንመለስ፣ ከኒሯቅ ገበያ በበቅሎ የሚመጡትን አያ ወልደ ሐዋርያትን መንገድ ላይ አገኘናቸው። የሰፈሩ ቅሬ፣ የእድሩ፣ ዳኛ ናቸው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ የሚነፋው፣ ድንኳንና ቃሬዛ የሚወጣው በእሳቸው ቃል ነው። መምህር ግን ቅሬ አይገባምና ለአገኘሁሽ ጡሩምባ የነፋ አልነበረም። መምህራኑና እኔ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ የአንዱን የመማሪያ ክፍል በር ነቅለን በዚያ ተሸከምናት።

«ማን ሞተባችሁ?» አሉ።

«የመምህር ዘበነ ባለቤት በወሊድ ሞተች፣ አያ» አለች መምህርት ዓሲያ፤ የሰቆጣ ነጋዴ ልጅ ናት። «ሕፃኑም አልተረፈም። ያለ ቅሬ ቀበርናቸው።»

«ነፍስ ይማር! ዘበነ ልግባ ብሎኝ ነበር፤ የመለስኩት በክፋት አይደለም ልጄ። ቅሬ ዛሬ የቀበረኝን ነገ የምቀብርበት ነው። መምህር ግን እንግዳ ነው። ነገ ወደ ዝቋላ ወረዳ ተዛወር ይሉታል፤ ካድሬ ከተቆጣውም ከሥራው ይወጣል። ደመወዙ ለክረምት እህል አይበቃው። ይህን ሰው ምን ብዬ ላስገባ?»

«ያሉት ሁሉ እውነት ነው። የገዛ አባቴ እንኳ ማስተማሬን ሥራ አይለውም፤ ከሱቅ ተቀመጪ ይለኛል። መንግሥት አላጸናን፤ ጎረቤት ደግሞ እንግዳ ናችሁ ብሎ ገፋን። ታዲያ ማን ይቆይላችሁ? ልጆቻችሁ በዓመት አጋማሽ ያለ መምህር የሚቀሩት ለዚህ አይደለም?»

ሰው ልጁን አምኖ ለሚሰጠው መምህር ሬሳ የማያሸክም ደንብ፣ እኔንም አሳፈረኝ።

«ቢሆንም አገሩ እዚህ አይደለም» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

ከኋላ የቀረው ዘበነ ይህን ጊዜ ደረሰ። እጁ አፈር እንደ ሆነ ነው። «እስከ ትናንት አልነበረም፣ አያ» አለ። «ዛሬ ግን ሚስቴም ልጄም እዚህ ናቸው። የትም ቢያዛውሩኝ፣ አገርህ ወዴት ነው ያለኝን ሰው ወደዚህ ነው የማመለክተው።»

አያ ወልደ ሐዋርያት ከበቅሏቸው ወርደው ያን እጅ ያዙና አለቀሱ።

ሳይመሽ ጡሩምባ ተነፋ፤ ድንኳኑ በዘበነ ደጅ ተተከለ። በሳምንቱ ቅሬው መምህራንን ከነቤተሰባቸው ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ዝውውር እንጠይቅ ይሉ የነበሩ መምህራን እዚሁ ትዳር ያዙ፤ የልጆቹም ትምህርት መቋረጡ ቀነሰ። ደመወዙ ግን ያው ነበር።

ዘበነን በመስከረም ወደ ሰሃላ አዛወሩት። አያ ወልደ ሐዋርያት እስከ ከተማው ጫፍ ሸኙት። «የሰው ነገር አይታወቅም» አሉት አንገቱን አቅፈው። «ክፉ ካገኘህ፣ ሰሃላ ድረስ መጥተን አምጥተን ከአገኘሁሽ ጎን የምናሳርፍህ እኛ ነን።»

ዘበነ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።