ጌታነህ የገጠመው ሞተር

በኛ ጊዜ፣ እናንተዬ፣ ሰው ሲሞት ልብሱ ለነዳያን ይሰጣል፣ አልጋው ለዘመድ ይሄዳል፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ አለቀ። የሞተ ሰው ዕቃ ተነስቶ ደጅ ላይ ሲጮህ ሰምተን አናውቅም። እኔ ግን ሰማሁ። እዚሁ ኮልፌ፣ እዚሁ በራችን ላይ።

ባለቤቴን ጌታነህን ታውቁታላችሁ፣ ዕድሜውን ሙሉ መካኒክ ነው። ልጃችን ብሩክ ደግሞ ሾፌር ነበር፤ የሰው ሚኒባስ ይዞ ከጦር ኃይሎች አስኮ ይሠራል። ታዲያ ምሳ ሰዓት ሲደርስ በር ላይ ያቆምና ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ «እማዬ፣ ቶሎ በይ፣ ተራዬ ሊያልፈኝ ነው!» እያለ ቆሞ ይጎርሳል። ሞተሩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ነበረው። «አባዬ፣ ይሄን ነገር እይልኝ እንጂ» ሲለው አባቱ «እሁድ» ይለዋል። እሁድ ሲመጣ ደግሞ ሌላ እሁድ። እና አንድ ክረምት፣ ዝናብ ላይ፣ ሚኒባሱ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ልጄ አልተረፈም። የገደለው ጭቃው ነው፣ ያ ድምፅ አይደለም። ይሄን ያልነገረው ሰው የለም፤ ጌታነህ መስማቱን እንጃ።

ቀብሩ ላይ አላለቀሰም። እኔ ደረቴን ስደቃ እሱ ጫማውን ያያል።

ታዲያ አርባው እንደወጣ ያቺን ትንሿን መኪናችንን ፈታታት። እሷም መኪና ተብላ! የሳንሱሲን ዳገት ስንወጣ እኔ ከነዘንቢሌ ወርጄ በእግሬ እቀድማት ነበር። እና ሞተሯን አውጥቶ ጣለና የአደጋ መኪና ከሚከማችበት ግቢ አንድ ትልቅ ሞተር በጋሪ አስጭኖ መጣ። አብሮት የሚሠራው ወልዴ አየና ጭንቅላቱን ያዘ።

«ጌታነህ፣ ምን ነካህ? ይሄ የሚኒባስ ሞተር ነው እኮ! ይቺ ሚጢጢ በየት በኩል ትችለዋለች? ወገቧ ነው የሚቆረጠው።»

«ትችላለች፤ እበይዳታለሁ።»

«ፍሬኗስ?»

«ፍሬኗንም እቀይራለሁ። አንተ ዝም ብለህ ሰንሰለቱን ያዝልኝ።»

እኔ ከየት አመጣኸው ብዬ አልጠየቅሁም። ሥራ ይዟል፣ ይርሳበት ብዬ ተውኩት። ቆረጠ፣ በየደ፣ ኮፈኑ አልዘጋ ሲለው ኮፈኑን ቀደደው።

ታዲያ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ምስር እየለቀምኩ፣ በር ላይ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አለ። እመኑኝ፣ ምንም አላሰብኩም። «መጣሁ ብሩኬ፣ መጣሁ!» ብዬ ተነሳሁ። ሳህን አወጣሁ፣ ወጥ ጨለፍኩ፣ በሩን ከፈትኩ። ጌታነህ ነው። መሪውን ጨብጦ ተቀምጧል፣ ያቺ ትንሽ መኪና እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጣለች። ሳህኑ ከእጄ ወደቀ።

«ምንድን ነው ያመጣህብኝ?»

«ሊያቀልጡት ነበር፣ አልማዝ። ለብረት ሊያቀልጡት ነበር።»

«አጥፋው!»

አጠፋው። ዝምታው ደግሞ ባሰ፣ ልጆቼ፣ ዝምታው ባሰ።

ከዚያ ወዲያ በየከሰዓቱ፣ ጉዳይ ሳይኖረው፣ ሳንሱሲ ድረስ ወጥቶ ይመለሳል። እኔ እግሬን አላስገባሁባትም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በታክሲ ነው የምሄደው። ወልዴ «ጠቅ ጠቁን ላስተካክልልህ፣ ቀላል እኮ ነው» ቢለው፣ «እንዳትነካው!» ብሎ ጮኸበት፤ ያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰውዬ። ጎረቤትም «ሰውዬው አእምሮው ተነካ እንዴ?» ሲባባል ይቆይና እኔ ስደርስ ስለ ዝናቡ ያወራል። እኔና እሱም መነጋገር ተውን። «ራት ቀርቧል»፣ «እሺ»፣ ይኸው ነው። መኪናዋ ስትመጣ መስኮት እዘጋለሁ።

እሷ ደግሞ አፍንጫዋን ደፍታ ነው የምትሄደው። የፊት ጎማዋ ተበላ፤ አንዱን ብረቷን ሲበይድ ሌላው ይሰነጠቃል። እና አንድ ቀን የመምጫው ሰዓት አለፈ፣ አልመጣም። ያቺ መስኮት የምትዘጋው ሴትዮ፣ በር ላይ ቆሜ ጆሮዬን አቁሜ መጠበቅ ያዝኩ። ስልክ ጮኸ፤ ወልዴ ነው።

«እትዬ አልማዝ፣ አይደንግጡ፣ እሱ ደህና ነው። መኪናዋ ነች የተሰበረችው። ግን ውረድ ብለው እምቢ አለኝ፤ እርስዎ ቢመጡ ይሻላል።»

ሄድኩ። ዳገቱ መሃል ላይ መኪናዋ ፊቷ ተገንጥሎ አስፋልቱ ላይ ተኝታለች። ሚኒባሶቹ ክላክስ እያደረጉ በጎን ያልፋሉ። ጌታነህ ውስጧ ቁጭ ብሏል። በሩን ከፈትኩና ጎኑ ተቀመጥኩ፣ ያንን ሞተር ከገጠመባት ወዲህ የዚያን ዕለት ገና ገባሁባት። 

«እሁድ እያልኩት» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነበር።»

«እሱ አይደለም የገደለው፣ ጌታነህ።»

«አውቃለሁ። ግን ለምኖኝ ነበር።»

እና አለቀሰ። እንዴት ያለ ልቅሶ መሰላችሁ! መሪው ላይ ተደፍቶ፣ ደረቱ ክላክሱን ሲጫነው እሷም አብራው ትጮሃለች፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። ይይ! እኔም አለቀስኩ። ስንት ለብቻዬ ያለቀስኩ ሴትዮ፣ አብሮኝ የሚያለቅስ ያገኘሁት ያን ዕለት ነው።

መኪናዋ አልዳነችም። ሞተሩ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ከረመ። ጌታነህ ሊያየውም ሊጥለውም አልቻለም። በኋላ ብረት ገዢዎች በሰፈር ሲያልፉ እኔ ጠራኋቸውና «ውሰዱት» አልኩ። እሱ ጓዳ ገብቶ በሩን ዘጋ። ተሸክመው ሲያወጡት እያቃሰቱ ነበር፣ ከባድ ነው።

ምን አልሽ? አልቆጨዎትም ወይ ትለኛለች ይቺ! ቆጨኝ እንጂ፣ እንዴት አይቆጨኝ። ቢቀመጥም ይቆጨኝ ነበር። ልጅ ሲሞትብሽ፣ የኔ ልጅ፣ የሰጠሽውም ያስቀመጥሽውም ልክ አይመጣም።