ዝናብ ያለበት ቅጂ

(ደብረ ብርሃን፣ ፀሐይ ወጥታለች። የመንገድ ቀያሽ የነበሩት ጡረተኛው ጋሽ ደምመላሽ በገና እያሰማ ካለው ቴፓቸው አጠገብ ከወንበራቸው አልነሳ ብለዋል፤ ጎረቤታቸውና የበገና ማዳመጥ ጓደኛቸው ወይዘሮ አስካለ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል የሚያደርሳቸውን መኪና ደጅ አስቁመው፣ የጋሽ ደምመላሽን ቦርሳ አንጠልጥለው ፊታቸው ተገትረዋል።)

ደምመላሽ፦ አልሄድም አልኩሽ እኮ! ቦርሳውን ካነሳሽበት መልሺው።

አስካለ፦ አልጋው የተያዘልን ለዛሬ ብቻ ነው ጋሼ። እስከ ቀትር ካልደረስን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሌላ ተራ መቼ እንደሚደርስዎ ደግሞ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ደምመላሽ፦ ይስጡት። ያ ሰው ይዳንበት፤ ለእኔም ጽድቅ ነው።

አስካለ፦ በገዛ ነፍስዎ እየቀለዱ ምን ጽድቅ አለ?

ደምመላሽ፦ ምን አልሽ? በግራ ጆሮዬ በኩል ዙሪ እንጂ። ቀኙን በልጅነቴ ኩፍኝ እንደበላው እያወቅሽ በዚያ በኩል ታወሪያለሽ።

አስካለ፦ በነፍስዎ አይቀልዱ ነው ያልኩት!

ደምመላሽ፦ እሱን ተዪውና፣ ሰሞኑን ምን እየሰማሽ ነው?

አስካለ፦ አሁን የዚህ ወሬ ጊዜ ነው?

ደምመላሽ፦ ዛሬ ዓርብ አይደል? እኔና አንቺ የሰማነውን ሳንጨዋወት ያለፈ ዓርብ አለ?

አስካለ፦ ከነገርኩዎት ይነሳሉ?

ደምመላሽ፦ እንደ ቅጂው ነው።

አስካለ፦ የወይዘሮ ድንቅነሽን ነው። ያንን ስለ ፍርድ ቀን የደረደሩትን። ስልኬ ላይ አለ፤ ምስር ስለቅም ሳይቀር ከፍቼ እሰማዋለሁ።

ደምመላሽ፦ ስልክ ላይ ያለው? ያ የታጠበው? አዬ አስካል! እሱ ምኑ በገና ነው? ከጅማቱ ሥር ያቺን ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋን፣ የሚሸጉጧት ለምን ይመስላቸዋል? ድምፁ እንዲነዝር አይደል? ያንን ነዘር የስቱዲዮ ልጆች 'ጩኸት' ብለው አጠቡት። ጨው የረሱት ሽሮ!

አስካለ፦ ግን እኮ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ደምመላሽ፦ ጥራት የፈለገ የምንጭ ውኃ ይጠጣ!

አስካለ፦ እርስዎ ደግሞ ዶሮ ካልጮኸበት፣ ሰው ካልሳለበት ቅጂ አይሉትም።

ደምመላሽ፦ ዶሮ የጮኸበትን አትንኪብኝ! መምህር ዘርዓ ቡሩክ እዚያ ላይ አውራ ዶሮው ሲጮህ ጣታቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠበቁት። እሱ ሲጨርስ እሳቸው ቀጠሉ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ዛሬ ከየት ይመጣል? እሱ ሁለተኛዬ ነው። አንደኛዬ ግን ይሄ አሁን ቴፑ ውስጥ የገባው ነው፤ ዝናብ ያለበት። መምህር ዝናብ አግቷቸው መንገድ ሥራ ካምፓችን የተጠለሉ ጊዜ እኔው ራሴ የቀዳሁት።

አስካለ፦ አውቀዋለሁ ጋሼ፤ እኔም እወደዋለሁ። ሲመለሱ አብረን...

ደምመላሽ፦ ስመለስ? በምን ጆሮዬ? ሐኪሙ ያለውን አብረን አልሰማንም? ዕጢው የተጣበቀው በመስሚያዬ ነርቭ ላይ ነው፤ እሱን ሲያወጡ መስማቴም አብሮ ይወጣል። ቀኙ የለ፣ ግራው የለ። ከዚያ በኋላ ያንቺን አፍ እንደ ዓሣ ሲከፈትና ሲዘጋ ማየት ብቻ ነው የሚቀረኝ።

አስካለ፦ የሐኪሙን ቃል ካነሱ ለምን አይጨርሱትም? ዕጢው አንጎልዎን እየተጫነው ነው፣ ካልወጣ ክረምቱን አያልፉም አላለም?

ደምመላሽ፦ እስከ ክረምት እሰማለኋ።

አስካለ፦ ከመሞት መሰንበት ይባላል።

ደምመላሽ፦ መሰንበትን ማን ጠላ? ምን እየሠራሁ ነው የምሰነብተው? ሚስቴን ቀብሬያለሁ፣ ልጅ አልሰጠኝም። ጠዋት ከአልጋዬ የምወርደው ይሄን ቴፕ ለመክፈት ነው። ፈራሁ አስካል። ሞትን አይደለም የፈራሁት፤ ጸጥታውን ነው። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ፈራሁ።

አስካለ፦ እኔስ? ስለ እኔ አስበዋል? አምስት ሆነን ነበር ዓርብ ዓርብ የምንሰማው። ሦስቱን ቀበርናቸው። እርስዎን ደግሞ ቀብሬ ቴፑን ልውረስ? በገናው ደስ የሚል ቦታ ላይ ሲደርስ ቀና ብዬ የማየው ፊት እፈልጋለሁ። ይስሙ አይስሙ፣ ፊትዎ ይኑርልኝ።

ደምመላሽ፦ ደንቆሮ ፊትሽ አስቀምጠሽ በገና ልትሰሚ!

አስካለ፦ አዎን! በገና ደርዳሪ እዚህ ድረስ አመጣለሁ። እጅዎን ከበገናው ሆድ፣ ከገበቴው ላይ ያሳርፋሉ፤ ነዘሩ በመዳፍዎ ይገባል።

ደምመላሽ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እስኪ እውነቱን ንገሪኝ፤ አንቺ ብትሆኚ ትሄጃለሽ?

አስካለ፦ እኔ... አላውቅም።

ደምመላሽ፦ አየሽ!

አስካለ፦ አላውቅም አልኩ እንጂ አልሄድም መች አልኩ? እርስዎ ግን አንገቴን ይዘው ይጎትቱኝ ነበር። ዋሸሁ?

ደምመላሽ፦ እሱስ እጎትትሽ ነበር።

አስካለ፦ ታዲያ ይጎተቱልኛ!

ደምመላሽ፦ በሰው ጆሮ መፍረድ ቀላል ነው። ደግሞ ሐኪም ሲባል ሁሉን አያውቅም። 'መስሚያዎ እየደከመ ነው' ይለኛል። እርግጥ ነው የሰው ወሬ ራቅ ራቅ ይልብኛል። በገና ግን እንደ ዘንድሮ ቀርቦኝ አያውቅም። እዚህ፣ አጠገቤ ነው ያለው።

አስካለ፦ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ጋሼ።

ደምመላሽ፦ ተረትሽን ተዪና ቁጭ በይ። የካሴቱን ይሄን አንድ ገጽ አብረን እንጨርሰው።

አስካለ፦ ከጨረስነው ይሄዳሉ?

ደምመላሽ፦ ከጨረስነው ትተዪኛለሽ። በይ ዝም፤ ዐይኔን ልጨፍንበት።

አስካለ፦ መድኃኔዓለም፣ ምን ባደርግ ይሻለኛል... ውይ! ጋሼ!

ደምመላሽ፦ እሽሽ! ዝናቡ ሊመጣ ነው። አሁን... አሁን... ይኸው! ጠብ ጠብ ሲል ሰማሽው ቆርቆሮው ላይ? ሌላ ደርዳሪ ቢሆን ከዝናቡ ጋር እልህ ይጋባ ነበር። መምህር ግን ዝቅ አሉለት። ትሕትና ማለት ይቺ ናት።

አስካለ፦ ጋሼ፣ እባክዎ ዐይንዎን ይግለጡ።

ደምመላሽ፦ ደግሞ ይቺን! ይቺን ወፍራሟን ጅማት ስሚልኝ፣ ብቻዋን ስትነዝር። ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ። አጥበው የጣሏት እኮ ይቺን ነው። አትቋረጥም፣ አትደክም... ምነው? አስካል? እያለቀስሽ ነው?

አስካለ፦ ይሰማዎታል? አሁን፣ በዚህች ደቂቃ?

ደምመላሽ፦ እንዴታ! አንቺንም አስለቀሰሽ፣ አየሽ? ይሄን ነው እንግዲህ ሂድና አስቆርጠው የምትዪኝ?

አስካለ፦ መብራት ጠፍቷል ጋሼ።

ደምመላሽ፦ ምን?

አስካለ፦ አፌን እያዩ ይስሙኝ። መብራት ጠፍቷል! ዝናቡ መጣ ከማለትዎ በፊት ነው ቴፑ ቀጥ ያለው።

ደምመላሽ፦ አትቀልጂብኝ።

አስካለ፦ ልጆቼን! እጅዎን ይስጡኝ፣ ይንኩት። ካሴቱ ይዞራል?

ደምመላሽ፦ አይዞርም... አይዞርም። ታዲያ ይሄ የሚደረድረው ማነው?

አስካለ፦ አሁንም አለ?

ደምመላሽ፦ አልቆመም። ያቺው ወፍራሟ ናት። አስካል፣ ሐኪሙ 'ጆሮዎ ውስጥ የሚጮህ ነገር አለ ወይ?' ሲለኝ የለም አልኩት። ልዋሸው ብዬ አይደለም። ይሄን ማን ጩኸት ይለዋል? ቴፑን ከዘጋሁት በኋላም አብሮኝ ይቆያል፤ እኔም የወደድኩት ነገር ቶሎ አይለቀኝም እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።

አስካለ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ዕጢው ነው ጋሼ። ዕጢው ነው የሚነዝረው።

ደምመላሽ፦ ያ ባለፈው ዓርብ በካሴት ያመጣሽልኝስ? እንዚራው ግሩም ነው ያልኩሽ? እሱ እንኳ እውነተኛ ነበር በዪኝ።

አስካለ፦ ምን ብዬ ልንገርዎ...

ደምመላሽ፦ ንገሪኝ!

አስካለ፦ የታጠበው ነበር። ከስልኬ ላይ አስቀድቼ ያመጣሁት። አውቀው ሲናደዱ ልስቅብዎት ነበር። ሲያደንቁት ጊዜ ደነገጥኩና ዝም አልኩ።

ደምመላሽ፦ እንግዲያው ከመምህር ጋር አልነበርኩም። ዐይኔን ጨፍኜ አንጀቴ የሚርሰው፣ 'እሰይ' የምለው፣ ለዚህ ለሚበላኝ ዕጢ ነበር።

አስካለ፦ እግርዎ ላይ ልውደቅ ጋሼ? እወድቃለሁ። እምቢ አይበሉኝ።

ደምመላሽ፦ ተነሺ፣ አትውደቂ። ሾፌሩ ሞተሩን ያስነሳ፤ ይሄን አስመሳይ ደርዳሪ ያውጡልኝ።