ካርድ ይመለስ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ያስቸግረኛል። ቢዝነስ አናሊስት ነኝ፤ ጤና ተቋም ሄጄ በሽተኛ ከበር እስከ መድኃኒት ቤት እንዴት እንደሚስተናገድ አይቼ ችግሩን እጽፋለሁ። ጦርነቱ ሳይደርስ ከመርሳ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ አጥንቼ፣ አንደኛ ችግር ብዬ የጻፍኩት ሰው ካርዱን ይዞ ቤቱ መግባቱን ነበር። «ካርድ ሁሉ ይመለስ» አልኩ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊድ ሳይቀር ተነገረ።

መንገዱ ሲከፈት ተመልሼ ሄድኩ። ካርድ ክፍሉ ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ ቀርቷል። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ዘሀራ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አውጥታ ታስተናግዳለች። አንድ ሽማግሌ ከጎታ ያወጡትን በፌስታል የተጠቀለለ ካርድ ሰጧት። የግፊት መድኃኒታቸው ከነመጠኑ ተጽፎበታል።

«አልመለሱም ነበር እንዴ አባባ?» አልኳቸው።

«በሽታው የኔ ነው፤ ወረቀቱን ለማን ልስጠው ልጄ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ቀጥሎ አንዲት ሴት ባዶ እጇን ቀረበች። የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷ ካለቀ ሰንብቷል፤ ስሙን አታውቀውም። «ነጭ ነው፣ ክብ» አለች።

«ካርድሽ የታለ?» አለቻት ዘሀራ።

«መልሱ ተባልን፣ መለስኩ።»

ዘሀራ ቀና ብላ አየችኝ። ሴትየዋ ማን እንደሆንኩ አላወቀችም፤ እኔም አልነገርኳትም። ደብተሬን አውጥቼ «ነጭ፣ ክብ» ብዬ ጻፍኩ።