እህቴን የደበቅኩበት መሳቢያ

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ዳይሬክተራችን፣ ዶክተሮች፣ ሲስተሮች፣ የካርድ ክፍል ልጆቼ፤

ከሁሉ በፊት ለጡረታ መሸኛዬ ይህን ሁሉ ወንበር ከየክፍሉ ተሸክማችሁ ላመጣችሁ አመሰግናለሁ። የአንዳንዱን ወንበር እግር ስለማውቀው ተጠንቅቃችሁ ተቀመጡ። የጽዳት ባልደረቦቼ፣ እናንተንም እግዜር ይስጥልኝ። ይህ አዳራሽ እንዲህ ሲያብረቀርቅ ያየሁት አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ይመጣል ተብሎ በቀረ ዕለት ብቻ ነው።

አምስት ደቂቃ ተሰጥቶሻል ተብያለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በካርድ ክፍል መስኮት “ቆይ፣ ተራህን ጠብቅ” ስል የኖርኩ ሴት፣ የራሴ ተራ ሲደርስ አምስት ደቂቃ? ይሁን። ዳይሬክተሩ ግን ሰዓታቸውን እንዳያዩብኝ።

እውነቱን ልናገር፤ እዚህ ሆስፒታል የገባሁት ወድጄ አይደለም። የተወዳደርኩት አጥንት ሆስፒታል ለመቀጠር ነበር። ምደባው ሲለጠፍ ስሜ ከአእምሮ ሆስፒታል ጎን ተገኘ። እናቴ አለቀሰች። “ልጄን ከእብድ ጋር!” አለች። ባለቤቴ ደግሞ “አይዞሽ፣ ከእኔ ጋር ኖረሽ የለም ወይ?” አለኝ።

እኔስ ምን አውቅ ነበር? ለእኔ የአእምሮ ሕመም አንድ ዓይነት ነበር፤ ልብሱን ጥሎ መንገድ ላይ የሚጮህ ሰው። በቃ። የመጀመሪያውን ሳምንት ታካሚ የነካውን እስክሪብቶ የምቀበለው በሁለት ጣቴ ነበር። የሚጋባ መስሎኝ! ሳቁ፣ ሳቁ፤ ይገባኛል።

በሦስተኛው ዓመቴ ካርዶቹ በሙሉ በሕመም ዓይነት ይለዩ ተባለ። ከአራት ሺህ በላይ ካርድ! ሥራው ለእኔና ለያኔዋ ዋና ነርስ ተሰጠ። አብዛኞቻችሁ አልደረሳችሁባትም። “ሲስተር መነጽር” ነበር የምንላት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ መነጽሬ የት ገባ እያለች ፍለጋ ስለምታሰማራን። እሷ ታነባለች፣ እኔ በየካርቶኑ እከታለሁ።

“ይሄኛው ሹፌር ነው” አለችኝ። “ልቡ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሞትኩ ብሎ ሦስት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ሮጧል። ልቡ ግን ጤነኛ ነው።”

“ታዲያ ምን ሆነ?”

“የጭንቀት ሕመም ነው።”

“ሲስተር፣ እኔም እኮ እጨነቃለሁ!”

“ማን የማይጨነቅ አለ? አንቺ ተጨንቀሽም ሥራ ትገቢያለሽ። እሱ መሪ መጨበጥ አቅቶታል። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።”

እንዲህ እንዲህ እያልን ቀጠልን። እጇ ንጹሕ መሆኑን እያወቀች፣ ሐሳቡ አለቅም ብሏት ቆዳዋ እስኪላላጥ ስትታጠብ የምትውል ልብስ ሰፊ ነበረች። ከመኪና አደጋ ተርፎ፣ ከዓመት በኋላም የፍሬን ድምፅ ሲሰማ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ነጋዴ ነበረ። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ እየሰማ፣ ጎረቤቶቼ ሊገድሉኝ ነው ብሎ በሩን በሚስማር የመታ ተማሪም ነበረ። ስኪዞፍሬኒያ የሚለውን ቃል ሳልንተባተብ ያልኩት ያን ቀን ነው።

“ይሄኛውስ አደገኛ ነው አይደል?” አልኳት።

“አንቺ ከምትፈሪው በላይ እሱ ይፈራል” አለችኝ።

ከዚያ የአንዲት ወጣት ሴት ካርድ መጣ። “አልጋዋ ላይ ትውላለች። ምግብ አያሰኛትም። ፀጉሯን ካበጠረች ወር አልፏታል። ቤተሰቦቿ ሰነፈች ይላሉ።” ሲስተር ቀና አለች። “ድባቴ ነው። ምነው፣ አትቀበይኝም?”

እጄን ያልዘረጋሁት ታናሽ እህቴ ቤቴ ተኝታ ስለነበር ነው። እህቴ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ሁለት ወር ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትተኛ “ተነሽ እንጂ፣ እግር የለሽም?” እያልኩ ስጮህባት ነበር። አንድ ጠዋት ብርድ ልብሱን ገፍፌባታለሁ። ሲስተር መነጽር የሰው ካርድ ስታነብልኝ፣ ያነበበችው የቤቴን ጉድ ነበር።

በማግሥቱ ይዣት መጣሁ። ሐኪሙ የተረጋጉ ሰው ነበሩ። ብዙ ጠየቋትና በመጨረሻ፣ “ከዚህ በፊት ደስታ ከልክ ያለፈበት፣ እንቅልፍ የማያሻት ጊዜ ነበር?” አሉ። እህቴ አንገቷን እንደ ደፋች “እትዬ ታውቃለች” አለች።

አዎ፣ አውቃለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ሦስት ሳምንት ያህል እንቅልፍ የሚባል አላሻትም። ሳይፈቀድላት የምታስተምርበትን ክፍል አራት ግድግዳ በሒሳብ ቀመር ሞልታዋለች። ርእሰ መምህሩን “ወንበርዎን ያሙቁልኝ፣ እመጣለሁ” ብላቸዋለች። እረፍት ውሰጂ ተብላ ነው ወደ ቤቴ የመጣችው። እኔ ግን ፈራሁ። ድባቴ ሲባል ሐዘን ሐዘን ይሸታል፤ ማንም ያዝናል። ያኛው ከተሰማ ግን “አብዳለች” ይሉብናል አልኩ።

ዐይኔን በጨው አጥቤ “ኧረ የለም፣ ዶክተር!” አልኩ።

ይህም አልበቃኝ። ካርዷን ወደ መደርደሪያ አልመለስኩትም፤ የራሴ መሳቢያ ውስጥ አድርጌ ቆለፍኩበት። የሥራ ባልደረቦቼ እንዳያዩት! ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ካርድ ሳገላብጥ የምውል እኔ!

መድኃኒቱን ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት ተነሳች፣ በላች፣ ዘፈነች። እልል አልን። አንድ ቀን ለምሳ ቤት ስደርስ ግን ወንበሮቼን ሁሉ ደጅ አውጥታ ለአላፊ አግዳሚ ታድላለች። “ውሰዱ! እኛ ቆመን እንበላለን!” የባለቤቴ ኮት ሳይቀር ሄዷል። እሱም ጥግ ላይ በሸሚዝ ቆሞ “ቀጥሎ ተረኛው እኔ ነኝ መሰለኝ” አለኝ።

ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ እህቴ አስፋልቱ መሀል ገብታ መኪና ማስተናገድ ጀመረች። አንድ የጭነት መኪና ፍሬኑ ሲጢጥ እያለ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። እሷ እየሳቀች፣ “እትዬ፣ አየሽ? እኔን መኪና አይነካኝም!”

ባለቤቴ ነው ሮጦ ያወጣት።

ይዘናት ስንመጣ ሲስተር መነጽር “ካርዷስ?” አለች። መሳቢያዬን ከፈትኩ። ካርዱን አየች፣ ቁልፉን አየች፣ እኔን አየች።

“የስኳር ሕመም ቢሆን ኖሮ ትቆልፊበት ነበር?”

ካርዱን አንስቼ ሰጠኋት።

ሐኪሙ አልተቆጡኝም። “በይ አሁን ሙሉውን ንገሪኝ” አሉ፤ ነገርኳቸው። “ይሄ ድባቴ ብቻ አይደለም፤ ባይፖላር ነው” አሉኝ። “ስሜቷ አንዴ ታች፣ አንዴ ላይ ይወስዳታል። ግማሹን ስትነግሪኝ ለግማሹ ብቻ አከምኳት። ያ መድኃኒት ብቻውን ሲሆን ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል።”

መድኃኒቱ ተቀየረ። አምስት ሳምንት እዚሁ ተኛች። በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን እንቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ረጋ ብላ ሳያት ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ስለ ውሸቴም፣ ስለ ብርድ ልብሱም። ቀና ብላ አየችኝና፣

“እትዬ፣ ሌላውን ትቼልሻለሁ። ‘እግር የለሽም?’ ያልሽኝ ግን አብሽቆኛል። እግሮቼ ሁለት መሆናቸው የሒሳብ አስተማሪ ይጠፋታል?”

ያን ቀን ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ነገሩ በአንድ ጊዜ አላለቀም። ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል። ሁለቱንም ጊዜ ግን ቀድማ የነገረችኝ ራሷ ናት። “እትዬ፣ እንቅልፌ ቀንሷል፤ ካርዴን አውጪልኝ” ትለኛለች። ወደ ማስተማሯ ተመለሰች፤ ዛሬ ምክትል ርእሰ መምህር ናት። ይህን ልናገር ወይ ብዬ ጠዋት አስፈቀድኳት። “ስለ ወንበሮቹ ካልነገርሻቸው አልፈቅድም” አለችኝ። ይኸውና እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ተነሽ እንጂ፣ ይዩሽ!

... እሺ፣ እሺ፣ ጭብጨባው ይበቃል፤ ትኮራብኛለች።

የካርድ ክፍል ልጆቼ፣ ከእኔ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። በዚያ መስኮት የሚመጣ ዘመድ ግማሹን ነግሯችሁ ግማሹን ሲውጥ አትፍረዱበት። ወንበር ስጡት፣ ታገሱት። ሌላውም ግማሽ ይመጣል። ደግሞ “ስኪዞፍሬኒያው መጣ” እያላችሁ አትጥሩ። ሰውየው ስም አለው፤ ካርዱ ላይ ከላይ ተጽፏል።

በሉ፣ መርቄያችሁ ልውረድ። ዕድሜና ጤና አይለያችሁ። እንቅልፋችሁ የጠገበ፣ ጠዋታችሁ የቀለለ ይሁን። ሳቃችሁ ከልክ ይለፍ ልል ነበር፤ ዶክተሮቹ እያዩኝ ስለሆነ ልኩ ላይ ይቁም። የምትወዱት ሰው ሲከፋው ቀድሞ የሚያይ ዐይን ይስጣችሁ። እናንተንም ሲከፋችሁ፣ ሳታፍሩ የምትነግሩት ሰው አያሳጣችሁ።

እወዳችኋለሁ። ደህና ሁኑልኝ።