የአስማተኛው ጋሻ ጃግሬ

ደሴ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በተዘጋ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ፤ ከድሮ መጽሐፍ ሕግ እየተነበበ በወረቀትና በሚወረወር ባለ ቁጥር ዳይስ የሚካሄድ የጀብዱ ጨዋታ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ታሪኩን እየተረከ ጨዋታውን የሚመራው አጫዋቹ ቢያድግልኝና ወታደር ሆኖ የሚጫወተው ደርበው ይሟገታሉ፤ አስማተኛ ሆኖ የሚጫወተው ክብሮም ስልክ ሊያናግር ደጅ ወጥቷል።

ደርበው፦ አንድ ምት ብቻ! እሱ ባንዲት ቃል የሽፍታውን መንጋ እንደ ጭድ አነደደው፤ እኔ አንዱን ሽፍታ በጎራዴ ስቼ ቁጭ አልኩ። ይሄ ጨዋታ ነው?

ቢያድግልኝ፦ ከሳትክ እኔ ምን ላድርግ? ዳይሱን የወረወርከው አንተ።

ደርበው፦ እሱ መቼ ወረወረ? የእሱ እሳት አይስትም! ሕጉን ቀይርልኝ። ለወታደሬ ባንድ ተራ ሦስት ምት ስጠው።

ቢያድግልኝ፦ መጽሐፉ አይፈቅድም።

ደርበው፦ መጽሐፉን የጻፈው አስማተኛ ነው እንዴ?

ቢያድግልኝ፦ ድሮ ሲሠሩት እንዲህ ነው ያሰቡት። አስማተኛ መጀመሪያ ደካማ፣ እያደር ኃያል፤ ወታደር ደግሞ መጀመሪያ ኃያል፣ እያደር...

ደርበው፦ ጨርሰው እንጂ። እያደር ምን?

ቢያድግልኝ፦ እያደር... ልምድ ያለው።

ደርበው፦ ልምድ ያለው! የእድር ድንኳን ተካይ በለኝና ይለይልን!

ቢያድግልኝ፦ መጀመሪያ ላይ ስትንጎራደድ አልነበር?

ደርበው፦ ስንጎራደድ? ስሸከም በል! ያኔ የክብሮም አስማተኛ ድመት ብትቧጭረው ይሞት ነበር። በቀን አንዲት አስማት ይላል፣ ከዚያ ከኋላዬ ተሸጉጦ «ደርብዬ አደራ»። ረግረጉ ውስጥ አዞ እግሬን የቆረጠኝ ማንን ሳሻግር ነው?

ቢያድግልኝ፦ እግርህ እኮ በምትሃት ውሃ ተመልሶልሃል።

ደርበው፦ እግሩስ ተመለሰ፤ ምስጋናው የት አለ? ባለፈው ንጉሡ ግብር ሲያበላ አጠገቡ ማን ተቀመጠ?

ቢያድግልኝ፦ ክብሮም።

ደርበው፦ እኔስ?

ቢያድግልኝ፦ አንተ... በረንዳው ላይ።

ደርበው፦ ከውሾቹ ጋር! ንጉሥ ሆነህ የተናገርከውም አንተው ነህ። ድምፅህን አጎርንነህ «ጋሻ ጃግሬህም ይብላ» አልከው። የረሳሁት መስሎህ ነበር?

ቢያድግልኝ፦ ጨዋታ እኮ ነው፣ ደርብዬ።

ደርበው፦ ጨዋታማ ቢሆን እኔም እጫወት ነበር። የእኔ ሥራ ቁጭ ብሎ ክብሮምን ማየት ሆኗል። ለማየት ለማየትማ ኳስ ቤት እሄድ ነበር፤ እዚያ ቢያንስ መጮህ ይፈቀዳል።

ቢያድግልኝ፦ ሕግ ብቀይር ክብሮም ይኮርፋል። ታውቀው የለ፣ ገጽ ቁጥር እየጠቀሰ ነው የሚከራከረው።

ደርበው፦ እኔ ብኮርፍስ?

ቢያድግልኝ፦ አንተማ ሁሌም ኩርፊያ ላይ ነህ፤ ለምደነዋል።

ደርበው፦ ለምዳችሁታል። ጥሩ። እንግዲያው ሕጉን አንዲት ቃል እንዳትነካ። አሁን የት ነን?

ቢያድግልኝ፦ ጫካው ውስጥ። መሽቷል። ክብሮም አስማቱን ሁሉ ሽፍቶቹ ላይ ጨርሷል፤ ካልተኛ አይመለስለትም። ስለዚህ እሱ ይተኛል፣ አንተ ዘብ ትቆማለህ፣ ይነጋል...

ደርበው፦ ቆይ፣ ቆይ። ዘብ እቆማለሁ ያልኩት መቼ ነው?

ቢያድግልኝ፦ ምን ማለትህ ነው? ሁልጊዜ ትቆም የለ እንዴ?

ደርበው፦ መጽሐፉ ወታደር ዘብ ይቁም ይላል?

ቢያድግልኝ፦ እ... አይልም።

ደርበው፦ ማንም ካልቆመስ?

ቢያድግልኝ፦ በየሰዓቱ ዳይስ ይወረወራል። አንድ ከወጣ የጫካው አውሬ ይመጣል... ደርበው! እንዳታስበው! ሰውዬው ያለ አስማት ከዱላ በቀር ምንም የለውም!

ደርበው፦ ዱላ ካለው አንድ ምት አለው። ከእኔ እኩል ሆነ ማለት ነው።

ቢያድግልኝ፦ ደጅ የወጣ ሰው ላይ እንዲህ ይሠራል?

ደርበው፦ ተኝቷል አላልክም? የተኛ ሰው ምን ያያል? ወታደሬ ጋሻውን አነገተ፤ በቅሎውን ፈታ። ጉዞ!

ቢያድግልኝ፦ ወየው፣ ስልኩን ዘጋ መሰለኝ፤ ድምፁ ጠፋ።

ደርበው፦ ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ወይ ሕጉን ቀይር፣ ወይ ዳይሱን አንሳ።

ቢያድግልኝ፦ መጀመሪያ የበቅሎዋን ቃጭል በጨርቅ ጠቅልለው እንጂ! እንዲህ እያቃጨልክ ከወጣህ ይነቃብናል።