የችቦው ኬክ
በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ኬክ ጋጋሪ ነበርሁ። ለአብዮት በዓል ግብዣ እስከ ደረቴ የሚደርስ ኬክ በችቦ መልክ ቀርጬ አቀረብሁ። እንቁላልና ቅቤ የገባበት ነው፤ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ፣ ጾም። ሽጉጥ የታጠቀው የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቢላዋውን አቀበለኝና፣ «መጀመሪያ የሠራው ይቅመስልን» አለ። እኔ ጾም ገድፌ አላውቅም፤ አልቀምስም ብል ደግሞ አድኃሪ ልባል ነው። ይኼኔ ሰውዬው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ቅቤ አለው እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ ጓድ» አልሁት።

ቀና አለና፣ «ጓዶች፣ የአብዮት ችቦ በቢላዋ አይቆረጥም» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብሁ እኔ ነኝ።

ሐሙስ ማለዳ የሰብሳቢው ሾፌር መጣ። «ጓድ ችቦውን አምጣ ብለውሃል፤ ቢላዋውንም አትርሳ።»